ነጭ ሆድ ያላት ታንኳ

እናቴ የታንኳችንን ሆድ ነጭ ቀለም ስትቀባ ያየኋት ለጉዞ ልንነሳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩን ነው። የታንኳን ሆድ ማንም አያየውም፤ ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። አባቴም ቀለም የሚያድሰው ሁልጊዜ ከላይ ከላይ ነበር። እሷ ግን ታንኳዋን ግቢ ውስጥ አስገልብጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በሰፊ ብሩሽ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ወተት አስመሰለቻት።

«እማዬ፣ ለዓሣዎቹ ነው እንዴ የምታስጌጪያት?» አልኳት።

«ለአባትህ ነው» አለች፤ ብሩሹን አላቆመችም። «ሂድ ከዚህ፣ እንዳትነካት። ገና አልደረቀችም።»

እናቴ ድንኳን ሰፊ ነበረች። የቤታችን የፊት ክፍል የስፌት መኪናዋና የሸራ ጥቅሎቿ የሞሉበት ስለሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ሸራ ላይ ነው። አባቴ ደግሞ ወቅቱ ሲደርስ እንግዶችን በታንኳ ይዞ ወንዙን የሚያዞር ሰው ነበር። ወንዛችን በላይኛው ሰፈር በኩል ከከተማው ይወጣና፣ ጫካውን ዞሮ ዞሮ፣ በታችኛው ሰፈር በኩል ይመለሳል። መሃል ላይ ውሃው ከገደል የሚወርድባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ሲደረስ ታንኳው ከውሃ ይወጣና፣ በትከሻ ተይዞ፣ በእግር መንገድ ተሻግሮ፣ ከፏፏቴው በታች እንደገና ውሃ ውስጥ ይገባል። ይህን እኛ «ሸክም» እንለዋለን። «ከሁለተኛው ሸክም በታች አደርን» ከተባለ የት እንደታደረ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ቀለሙ በደረቀ ቀን፣ ከሸራ ጥቅሎቹ ኋላ ተደብቄ ስጫወት፣ አባቴና እናቴ ተከታትለው ገቡ። በሩ ተዘጋ። የስፌት መኪናው ድምፅ አላሰማም።

«ድንጋይ ሳትነካ ዙሩን ጨርሰህ ከመጣህ፣ ዓመቱን ሙሉ አፌን አልከፍትም» አለች እናቴ። «ቀለሟ ተፍቆ ከመጣ ግን የኋላውን ወንበር ትለቃለህ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም። ልጅህንም ትወስደዋለህ።»

«እሱን ምን አመጣው?»

«የሰው ልጅ ከመጫንህ በፊት የራስህን ጫን።»

እኔ እንዳልጮህ የሸራውን ጫፍ ነከስኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ «ውሰዱኝ» ስል «አንገትህ ይጠንክር» እያለች ከልክላኝ፣ ዛሬ ራሷ ውሰደው ትላለች! የገባኝ ነገር ይህ ነበር፤ አባቴና እናቴ ተወራርደዋል፤ ውርርዱም እኔን ይጨምራል። ወዲያው ከአባቴ ጎን ሆንኩ።

ውርርድ አልነበረም። የአባቴ ዓይኖች ካለፈው ዓመት ጀምሮ መሃላቸው እየደበዘዘ ነበር። መጀመሪያ ያወቀው ፀጉር አስተካካዩ አጎቴ ነው። አስተካክሎት ሲጨርስ «እንዴት ነው ጋሼ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አባቴ ከመስታወቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እያየ «ቆንጆ ነው» አለው። ሐኪሙ «ዳር ዳሩ ይቆይልሃል፣ መሃሉ ግን ይሄዳል» ብሎታል። አባቴ ደግሞ «ወንዙን ጨፍኜም አውቀዋለሁ» አለ። በዚያ ወቅት ሊወስዳቸው የተስማማው እንግዶች የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ከእኔ በቀር ሁሉም ይህን ያውቅ ነበር።

ማለዳ ከላይኛው ሰፈር ተነሳን። እኔ ፊት፣ አጎቴ መሃል፣ አባቴ ኋላ። ታንኳ ላይ አቅጣጫ የሚይዘው የኋላው ሰው ነው፤ የፊቱ ሰው ጉልበት ነው፣ የመሃሉ ሰው ዕቃ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ አልከፋውም። ውሃ የሚወደው በባልዲ ሲሆን ብቻ ስለነበር፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከቤቱ ጀምሮ ለብሶ ነው የመጣው።

«አንተ፣ አፍህን ዝጋ» አለችው እናቴ ከዳር ሆና። «ዝም ብለህ ተመልከት። ብቻ ተመልከት።»

«ፀጉር አስተካካይ አፉን ዘግቶ? ደንበኞቼ ሞቷል ብለው እንዳይቀብሩኝ!»

ለእኔ ግን ዝም በል አላለችኝም። ማንም አላሰበኝም።

መቅዘፊያው ከቁመቴ ይበልጥ ነበር። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ያሉት ጠጠሮች የሚቆጠሩ ይመስሉ ነበር። ሸምበቆው በሁለቱም በኩል ሾልኮ ሲያልፍ፣ ወፎች ከፊታችን ብድግ ሲሉ፣ ታንኳዋም በእያንዳንዱ ቀዘፋ ስትንሸራተት ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ የመጀመሪያውን ድንጋይ አየሁ፤ እንደ ጉማሬ ጀርባ ከውሃው ብቅ ብሏል።

«አባዬ! ድንጋይ! በግራ ድንጋይ!»

ታንኳዋ በእርጋታ ወደ ቀኝ ዞረች። ድንጋዩ በጎናችን አለፈ። ነጯ ቀለማችን ተረፈች! ደግሞ ሌላ መጣ፣ ደግሞ ሌላ።

«ቀኝ! አባዬ በቀኝ! ኧረ ትልቅ ነው!»

«ጎበዝ!» ይላል አባቴ። «ሌላስ?»

ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። አጎቴ አንድ ሁለቴ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ «ቀስ በል አንተ» ቢለኝም፣ ጆሮ አልሰጠሁትም። ውርርዱን ማሸነፍ አለብንና።

የመጀመሪያው ሸክም ጋ ስንደርስ ጓዛችንን አወረድን። አባቴ ታንኳዋን በአንድ ጉልበት ብድግ አድርጎ በትከሻው ላይ ገለበጣት። ታንኳ የተሸከመ ሰው ጭንቅላቱ በሙሉ ታንኳው ውስጥ ስለሚገባ የሚያየው የገዛ ጫማውን ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ ወንዝ ወግ አንድ ሰው ከፊት እየሄደ መንገዱን ያወራለታል። ይህ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

«ሥር አለ አባዬ፣ እግርህን አንሳ። አሁን ጭቃ ነው። አሁን ቁልቁለት።»

«ከጭቃው በኋላ ሦስት ድንጋይ እንደ ደረጃ መኖር አለበት።»

«አለ! እንዴት አወቅህ?»

ታንኳዋ ውስጥ ሲስቅ ድምፁ ከበርሜል የሚወጣ ይመስል ነበር። መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ሄደ። በጉዞው ሁሉ እንደዚያ ቀሎት ያየሁበት ሰዓት የለም። ሸክም ላይ ማንም ሰው አያይም። እዚያ እሱ ከሌሎቹ ታንኳ ነጂዎች ጋር እኩል ነበር። ያን ጊዜ ግን ታንኳ መሸከም ደስ የሚል ነገር ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። አድጌ ራሴ ስሸከማት አንገቴ ሊቀነጠስ ሲደርስ ነው ስህተቴ የገባኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳን ተከልን። አጎቴ እሳት አነደደ፤ ሩዙን ከነድስቱ አቃጠለው፤ እኛም ከነቃጠሎው በላነው። ከበላን በኋላ ወደ ዳርቻው ወርጄ ልምምዴን ጀመርኩ። አባቴ አንድን ነገር ማየት ሲፈልግ ፊት ለፊት አያየውም ነበር፤ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምታይ፣ በዓይኑ ጥግ ነው የሚያየው። ይህ የትልልቅ ታንኳ ነጂዎች አስተያየት ነው ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ። ቤት ውስጥም በመስታወት ፊት ስለማመደው እናቴ አይታኝ ክፍሉን ጥላ ወጥታ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አጎቴ፣ ድስቱን በአሸዋ እየፈተገ።

«እንደ አባዬ ውሃ እያየሁ ነው።»

አጎቴ ድስቱን አስቀመጠ። «ተው» አለኝ። «ተው እላለሁ! አንገትህን አቅና!»

ተቆጥቶ አያውቅም ነበርና ደነገጥኩ። አባቴ ግን መሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ።

«ተወው ባክህ። ና ወዲህ የኔ ጌታ። ታያለህ?»

«ብዙም አይታይም» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

«ፊት ለፊት ስታየው ይደበቅሃል። ጎን ጎኑን ስታየው ቀስ ብሎ ይመጣል።»

ሙያውን ገለጠልኝ ብዬ እንዴት እንደኮራሁ! የትምህርት ቤት ጓደኞቼን ሁሉ አስተምሬያቸዋለሁ። እሱ ግን ሕመሙን ነበር በግልጽ ቋንቋ የነገረኝ። ለሰው ሲናገረው ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ወደ ጉሮሮው ደረስን። ጉሮሮው ወንዙ በሁለት አለቶች መሃል ጠብቦ እየተንደረደረ የሚወርድበት ቦታ ነው። ጥልቀቱ ከአዋቂ ወገብ አያልፍም፤ ድንጋዩ ግን ለጉድ ነው። አጎቴ ልክ ከመግባታችን በፊት «ጨዋታ እንጫወት» አለ።

«ምን ጨዋታ?»

«የዝምታ። ከአሁን ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ሸክም ድረስ ቀድሞ የተናገረ ሰው ማታ ዕቃ ያጥባል። ድስቱንም ጨምሮ።»

«አንተ ነህ የምትሸነፈው!» አልኩት።

«እናያለን። አንድ፣ ሁለት፣ ዝም!»

አባቴን ዞሬ አየሁት። አጎቴን እያየ ነበር፤ ጎን ጎኑን። «ገባኝ» አለና መቅዘፊያውን አጥብቆ ያዘ። ቀድሞ ተናገረ ብዬ ልጠቁም ስል፣ ያን ስናገር እኔም እንደምሸነፍ ትዝ አለኝና ጉንጬን በአየር ሞላሁ።

ገባን። ውሃው ጆሮ ያደነቁራል። ታንኳዋ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ እንደ ፈረስ ጋለበች። ፊቴ በውሃ ታጠበ። ድንጋይ! ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ በእጄ ያዝኩት። ታንኳዋ ዞረች። ሌላ ድንጋይ፣ ከቤታችን በር የሚሰፋ። ዞረች! በሁለት ድንጋዮች መሃል፣ መቅዘፊያ አግድም በማያሳልፍ ቀዳዳ፣ ልክ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ ሹልክ አልን። ዘወር ስል አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እምላለሁ፣ ጨፍኖ ነበር! አገጩን ከፍ አድርጎ የሆነ ሰው የሚጠራው ይመስል ያዳምጥ ነበር።

ከጉሮሮው በታች ውሃው ወደ ሰፊ ጸጥታ ለቀቀን። ቀለማችን አልተነካም። አጎቴ በዝምታ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ እኔ መቅዘፊያዬን እያወዛወዝኩ ተቀምጬ ጨፈርኩ። አባቴ ፊቱ በርቶ ነበር። እንደዚያ ዕለት ወጣት ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

አባቴ ኋላ ነው የነገረኝ። የአጎቴ ጨዋታ በእኔ ጩኸት እንዳይመራ ነበር። ድንጋይ ውሃን ያናግረዋል፤ ትንሹ ድንጋይ አንድ ዓይነት፣ ትልቁ ሌላ ዓይነት ያናግረዋል። ጉሮሮውን በጆሮው ነበር ያለፈው።

ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ግን የሚናገር ነገር የለም። ፀሐይ ውሃው ላይ ተኝታለች። ከፊታችን፣ ከውሃው ወለል አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ የሰጠመ ግንድ ተጋድሟል። ጥቁርና ረጅም ነው። አየሁት። ጨዋታው አላለቀም። ዞሬ አባቴን አየሁ። እያፏጨ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሏል። ያ ሙያተኛው አስተያየት! እያየው ነው ብዬ ዞርኩ። እንዲያውም አሁን በምን ዓይነት ብልሃት ያልፈው ይሆን ብዬ ጓጓሁ።

ግርርርር አለ። ከመቀመጫዬ ሥር ሆዷ ሲፋቅ በአጥንቴ ተሰማኝ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ወጣ፣ ታንኳዋ ተዘነበለች፣ አጎቴም ከነሻይ ማንቆርቆሪያው ውሃ ውስጥ ገባ።

«ሞትኩ! ድረሱልኝ! ወንድሜ ገደለኝ!»

«ቁም!» አለው አባቴ። «ተነስተህ ቁም!»

ቆመ። ውሃው ጭኑ ድረስ ነበር። እኔ በሳቅና በድንጋጤ መሃል ሆኜ «ተሸነፍክ! ቀድመህ ተናገርክ!» አልኩት። ማንም አልሳቀም።

ታንኳዋን አሸዋው ላይ ጎትተን ገለበጥናት። ነጩ ሆዷ ላይ፣ ልክ እኔ ከተቀመጥኩበት ሥር፣ ረጅም ጭረት አለ። እንጨቱ ታይቷል። ዕንባዬ መጣ። ተሸነፍን ማለት ነው! ከዚያ ሐሳብ መጣልኝ። ሮጬ የጥርስ ሳሙናችንን ከቦርሳው አወጣሁና ጭረቱ ላይ ጨምቄ በመዳፌ መለሰን ጀመርኩ። ነጭ በነጭ፣ ምን ይለያል?

አጎቴ ልብሱን እየጨመቀ መጣ። «ጋሼ፣ ስማኝ» አለ። «ለባለቤትህ ሸክም ላይ ከእጄ አምልጣ ወደቀች እላታለሁ። ለደካማነቴ ምስክር አያስፈልግም፣ ራሷ ታውቀኛለች። አንድ ግንድ ነው። ጉሮሮውን እንደዚያ ያለፈ ሰው በአንድ ግንድ ...»

አባቴ ተንበርክኮ ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱን አሸተተ፤ የሳሙናው ሽታ ፈገግ አደረገው። ደግሞ ከጭረቱ በላይ ያለውን መቀመጫዬን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ግንዱን አይተኸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አንተም እያየኸው ነበራ!»

አጎቴ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። አባቴ እጁን ከታንኳዋ ላይ አነሳ። ውሃው አሸዋውን ሲልሰው ይሰማል።

«አላየሁትም» አለ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሮ፣ ድምፁን ሳያነሳ ደገመው። «አላየሁትም። የትምህርት ቤቱን ልጆች ሌላ ሰው ይውሰዳቸው።»

እኔ ይህን እንዴት እንደተረጎምኩት ልናገር። አባቴ እንግዶቹን ትቶ እኔን ሊያስተምር ወሰነ ብዬ ነው የተረጎምኩት። ምክንያቱም ቀጥሎ የተናገረው ነገር ይህ ነበር፤

«ተነስ። ሂድና ኋላ ተቀመጥ።»

«እኔ?»

«አጎትህን ላስቀምጠው?»

«ኧረ በሕግ!» አለ አጎቴ።

ኋላ ተቀመጥኩ። አባቴ ጉልበቱን ይዞ ፊት ሄደ። መጀመሪያ ታንኳዋ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች፤ ሸምበቆ ውስጥ ገባን፤ ወጣን፤ ደግሞ ገባን። አባቴ ፊቱን ሳያዞር ያስተምረኛል። «መቅዘፊያውን አትታገለው። ውሃው ላይ አስደግፈው። የምትሄድበትን እንጂ የምትሸሸውን አትይ።» ቀስ በቀስ ገባኝ። በመዳፌ ትንሽ ስጠመዝዝ እዚያ ማዶ አፍንጫዋ ትታዘዛለች! ያን ስሜት በምን ልንገራችሁ? አባቴን የሚያክል ሰው፣ አጎቴን የሚያክል ዕቃ፣ ያ ሁሉ ድንኳንና ድስት፣ በእኔ አንጓ እየዞረ ነበር።

«ጢም የሌለው ካፒቴን!» እያለ አጎቴ ያላግጣል። «ለእኔ ሥራ የማይሰጥ!»

ማታ ድስቱን እሱ አጠበ።

በመጨረሻው ቀን፣ ከመጨረሻው ሸክም በኋላ፣ ወንዙ ሰፍቶና ረግቶ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወስዳል። ክንዴ የእኔ አይመስለኝም ነበር፤ ቢሆንም ለማንም አልሰጥም። የልብስ አጣቢዎቹን ድንጋይ፣ ከዚያ የእንጨት መሰንጠቂያውን ጣሪያ፣ ከዚያ መውረጃውን አየሁ። እናቴ ቆማለች። የስፌት ሜትሯ ገና አንገቷ ላይ ነው።

«ቀኝ አባዬ! ጠንከር አድርገህ! አሁን ተው!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ ከሰፈሩ አንድም ሰው እንዳያመልጠው።

እናቴ ታንኳዋን አስገልብጣ ሆዷን ትመረምራለች ብዬ ነበር የፈራሁት። አልመረመረችም። ያየችው አቀማመጣችንን ነው፤ ፊት ማን እንዳለ፣ ኋላ ማን እንዳለ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ከነጫማዋ ውሃ ውስጥ ገብታ መጣችና የታንኳዋን አፍንጫ ያዘች።

«እማዬ ተሸነፍን!» አልኳት። «ግን እኔ ኋላ ተቀመጥኩ! ከግንዱ ጀምሮ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው!»

ታለቅስ ነበር። በእኔ ኮርታ ነው አልኩ። ይህ አሁንም ድረስ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይመስለኝም።

«ድንጋይ አልነካሁም» አላት አባቴ። «ቃሌን ጠብቄያለሁ። ግንድ ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «አንተ ሰውዬ።» መቅዘፊያውን ከእጁ ተቀብላ ዳር ላይ አስቀመጠችለት።

አጎቴ ዘሎ ወርዶ መሬቱን ሳመ። አባቴ ግን ቶሎ አልወረደም። አንድ እግሩን ከታንኳዋ አውጥቶ፣ የውሃውን ጥልቀት ሳያውቅ፣ በአየር ላይ ይዞት ቆየ። እናቴ ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች። መውረጃው የደፈረሰ ነበር፤ ለእኔ ግን ከኋላ ሆኜ የእናቴ ጉልበት ከውሃው በላይ ይታየኝ ነበር።

የታንኳዋን ጎን በመቅዘፊያዬ አስደግፌ፣ እንዳትነቃነቅ በሙሉ ኃይሌ ያዝኳት።

«ከጉልበትህ በታች ነው አባዬ» አልኩት። «አሸዋ ነው። ርገጥ።»

ረገጠ። ከአልጋው እንደሚወርድ ሰው፣ ወደ ታች ሳያይ ረገጠ።